ንጋቷ አልሞተችም

ፀደንያ የእናቷን ሞት የሰማችው ከአንዲት አሜሪካዊት ሴትዮ ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ፣ ላፕቶፕ ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር። ሴትዮዋ ስክሪኑ ላይ አንገቷን ዘንበል፣ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ «በእናትሽ በጣም አዝኛለሁ» አለቻት። የፀደንያ እናት ንጋቷ በዚያች ሰዓት ከአንኮበር ቁልቁለቱን ወርዳ፣ አሊዩ አምባ ገበያ መሃል ነጭ ሽንኩርቷን ዘርግታ፣ እንደ ልማዷ ከገዢ ጋር እየተጨቃጨቀች ነበር።

ፀደንያ የአንኮበሩ ቄስ ወልደአረጋይ የመጨረሻ ልጅ ናት። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ደብረ ብርሃን መጣች፤ ሔራን ከምትባል የጫጫ ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው አብረው ተማሩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ያለፈ ተማሪ በጣት በሚቆጠርበት ዓመት ሁለቱም ጥሩ ውጤት አመጡ፤ የፀደንያማ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ሆነ። ያኔ ነው ጌታሰው አስጠርቶ ያነጋገራቸው።

ጌታሰው ድሮ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። ማስተማሩን ትቶ «የውጭ ትምህርት ማማከር» የሚል ታፔላ ሰቅሏል፤ ተማሪዎች ግን አሁንም «ቲቸር» ነው የሚሉት። የቢሮው ግድግዳ በረዶ ላይ ቆመው በሚስቁ ልጆች ፎቶ ተሞልቷል። ወላጆች ፎቶዎቹን እያዩ ሲገቡ፣ ቤተ ክርስቲያን የገቡ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

«ሙሉ ስኮላርሺፕ የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ» አላቸው። «ውጤት ብቻ ግን አይበቃቸውም። ማን እንደሆናችሁ የሚናገር ድርሰት ይፈልጋሉ። ጽፋችሁ አምጡ።»

ፀደንያ ስለ ጉም ጻፈች። አንኮበር ላይ ከሰዓት በኋላ የቆላው ሙቀት ገደሉን ይዞ ሽቅብ ይወጣና ከደጋው ብርድ ጋር ሲገናኝ ጉም ይሆናል፤ ጉሙ ሲያይል አጠገብ ያለ ሰው አይታይም። ልጅ ሳለች እናቷ ከገበያ ስትመለስ ጉም ውስጥ ሆና ትጣራለች። ፀደንያ ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆማ፣ ድምፅዋን እየሰማች የት እንደደረሰች ትገምታለች። ድምፁ አንዳንዴ ቅርብ የሚመስለው፣ አንዳንዴ የሚርቀው ለምንድን ነው ብላ መጠየቅ ስትጀምር የአየር ጠባይ ሳይንስ ለማጥናት እንደቆረጠች ጻፈች። ለሳምንታት ሰረዘች፣ ደለዘች፣ እንደገና ገለበጠች። ስትጨርሰው ጮክ ብላ ለሔራን አነበበችላት። በሕይወቷ እንደዚያ ያኮራት ነገር አልነበረም።

ጌታሰው አንብቦ «ቆንጆ ነው፤ ትንሽ አስተካክለዋለሁ» አለ። ያን ጊዜ በአካባቢው የስልክ ዳታ ተቋርጦ ነበር። ኢንተርኔት የሚገኘው መስመር በገባለት ቢሮ ብቻ ነው። «አንኮበር ከሄድሽ ኢሜይል አታዪም። ፓስወርድሽን ስጪኝ። እኔ እልክልሻለሁ፤ መልስ ሲመጣም እደውልልሻለሁ» አላት። ሰጠችው። ሔራንም የራሷን ሰጠች።

ከወራት በኋላ ደወለ። አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ በቪዲዮ ሊያነጋግራት ጠይቋል። ፀደንያ ያላትን ጥሩ ልብስ ለብሳ፣ ስለ ጉም ሊጠይቋት የሚችሉትን ሁሉ ስታጠና ሰንብታ መጣች። ሴትዮዋ ከሰላምታ ቀጥሎ የተናገረችው ግን ያንን የሐዘን ቃል ነው።

ፀደንያ እንግሊዝኛው ያመለጣት መሰላት። «ይቅርታ፣ በደንብ አልሰማሁም» አለች።

«እናትሽ ካረፈች በኋላ ታናናሾችሽን እያሳደግሽ ይህን ውጤት ማምጣትሽ ሁላችንንም ልባችንን ነክቶታል።»

ፀደንያ ታናሽ የላትም። ቀና ስትል ከላፕቶፑ ጀርባ፣ ካሜራው በማያየው በኩል የተቀመጠውን ጌታሰውን አየችው። ጣቱን ከዓይኑ ሥር እስከ ጉንጩ ቁልቁል አወረደው። አልቅሺ ማለቱ ነው።

አላለቀሰችም። ነገር ግን «አመሰግናለሁ» የሚለው ቃል ከአፏ አመለጠ፤ አንዴ ካመለጠ በኋላ መመለሻው ጠፋት። ሴትዮዋ ስለ ሞቱ ጠየቀቻት፣ ፀደንያ አጭር አጭር መለሰች። ሴትዮዋ ዓይኗን ጠረገች። ክፉ ሰው አትመስልም ነበር፤ ይህም ነገሩን አባሰው። ስለ ጉም አንድም ጥያቄ አልመጣም።

ስክሪኑ እንደጠፋ ጌታሰው አጨበጨበ። «አንበሳ ነሽ! ዝምታሽ ራሱ...»

«እናቴን ገደልካት» አለችው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «እርስዎ» ነበር የምትለው።

«ቁጭ በይ፣ ፀዲ።»

«ምን እንደጻፍክ አሳየኝ!»

ላፕቶፑን አዞረላት። ከእሷ ጽሑፍ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልተረፈም። እናቷ ምጥ ይዟት፣ በቃሬዛ ተሸክመዋት፣ ሐኪም ቤት ሳትደርስ መንገድ ላይ ሞታለች። ነፍሷ ሳይወጣ የልጇን እጅ ይዛ «ቃል ግቢልኝ፤ ትምህርትሽን እንዳታቋርጪ» ብላለች። ፀደንያ እዚያ ላይ ስትደርስ ጆሮዋ ጋለ። ንጋቷ በዕድሜዋ እንዲህ ተናግራ አታውቅም። ልጇን ለትምህርት የምትቀሰቅሳት «ተነሺ፣ አንቺ እንቅልፋም!» እያለች፣ ብርድ ልብሱን ገፍፋ ነው።

«ይህቺ ማን ናት?» አለች ፀደንያ። «እኔ ይህቺን ሴትዮ አላውቃትም።»

ጌታሰው አልተቆጣም። ክፍል ውስጥ ትምህርቱ ላልገባው ተማሪ እንደሚያስረዳ ሆኖ ተናገረ። «ስሚኝ። ሰዎቹ ስፍር ቁጥር የሌለው ድርሰት ነው የሚያነቡት። ከኢትዮጵያ፣ ከገጠር፣ ሴት ልጅ ሲባል የሚጠብቁት ነገር አለ። ጉም የሚያጠና ልጅ እነሱም አገር ሞልቷል። ከእኛ የሚፈልጉት ለቅሶ ነው፤ እኔም የፈለጉትን ሰጠኋቸው። እነዚህን ታያቸዋለሽ?» ወደ ግድግዳው ጠቆመ። «ወላጆቻቸው ሞተዋል ብዬ የጻፍኩላቸውን ልጆች፣ ወላጆቻቸው ራሳቸው ናቸው ኤርፖርት የሸኟቸው።»

«እኔን እንኳ ሳትጠይቀኝ!»

«ብጠይቅሽ እሺ ትዪኝ ነበር?»

ፀደንያ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ጎተተች። ፓስወርዷን ቀየረችና ተነሣች። «መልሱ ሲመጣ ታመሰግኚኛለሽ» አላት። በሩን መስታወቱ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ወርውራ ዘጋችው።

ቤት ስትደርስ ሔራን ድንች እየላጠች ነበር። ፀደንያ ጫማዋን ሳታወልቅ ሁሉንም ነገረቻት። ሔራን መላጧን አላቆመችም።

«አንቺ አልደነገጥሽም?» አለች ፀደንያ።

«የኔን አሳይቶኛል።»

«ምን ይላል?»

«አባቴ ለሽማግሌ ሊድረኝ ሲል በሌሊት እንዳመለጥኩ።»

የሔራን አባት ጋሽ ባየው ከጫጫ ደብረ ብርሃን ሚኒባስ የሚነዳ ሰው ነው። በየሳምንቱ ሥራውን አቋርጦ፣ ሚኒባሱን በር ላይ አቁሞ፣ ለሁለቱም በሶና ቆሎ አድርሶ ይሄዳል። ሔራን ፈተና የወሰደች ቀን ተሳፋሪ አውርዶ ግቢው አጥር ሥር ሲጠብቅ የዋለ ሰው ነው።

«ጋሽ ባየው? ጋሽ ባየው ነው ሊድርሽ የነበረው?»

«አባቴ እንግሊዝኛ አያነብም» አለች ሔራን። «አይጎዳውም። እኔ እሄዳለሁ ፀዲ። አንቺም ሞኝ አትሁኚ።»

በማግስቱ ጠዋት ፀደንያ የአንኮበርን አውቶቡስ ያዘች። ስትደርስ እናቷ ግቢ ውስጥ የገበያ ጆንያ እያራገፈች ነበር። አባቷ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ፀደንያ ቆማ ነገረቻቸው። ንጋቷ መጀመሪያ ሳቀች።

«እንዴት ነው የሞትኩት?»

«በወሊድ።»

«በወሊድ!» ጆንያውን ወረወረችው። «አንቺን ስወልድ እንኳ በሦስተኛው ቀን ተነሥቼ ውሃ የቀዳሁ ሴትዮ! ማን ይባላል ይህ ሰውዬ? እናት የለውም? እሷን አይገድልም?» እየተንጎራደደች ሰደበችው፤ እሱን፣ ያስተማረውን፣ ቢሮ ያከራየውን። ከዚያ ድንገት ቆመች። «ታዲያ ወደዱሽ?» አለች።

«ወደዱኝ መሰለኝ። ሴትዮዋ አለቀሰች።»

ንጋቷ ነጠላዋን አስተካክላ በእርጋታ «እንግዲያው ሞታለች በያቸው» አለች።

«ምን?»

«ሞቻለሁ። ሂጂ።»

«ንጋቷ፣ እኔ ቅዳሴ ላይ ስም የምጠራ ሰው ነኝ» አሉ ቄስ ወልደአረጋይ። «ያንቺን ከቆሙት ነው የምጠራው ወይስ ካረፉት?»

«ከፈለጉ ከሁለቱም ይጥሩኝ! ልጄ ትሂድ!»

ፀደንያ ጌታሰው ላይ እንኳ እንደዚያ አልተናደደችም። «እሱስ አያውቅሽም» ብላ ጮኸች። «አንቺ ግን እንዴት እሺ ትያለሽ? እኔ ስላንቺ የጻፍኩትን ቀድዶ ጥሎ፣ ያልሆንሽውን ሴት ፈጥሮ ፈረንጅ ሲያስለቅስባት እንዴት ደስ ይልሻል?»

«ደስ አላለኝም! ጉልበቴ በቁልቁለትና በዳገት ያለቀው ለምን ይመስልሻል? አንቺም እዚሁ ሽንኩርት ተሸክመሽ እንድትወጪ ነው?»

«ሽንኩርት ብሸከም በሕይወት ያለች እናት ይዤ ነው!»

ሁለቱም ሳይበሉ አደሩ። ፀደንያ በነጋታው ደብረ ብርሃን ተመልሳ ኢንተርኔት ካፌ ገባችና ለዩኒቨርሲቲው ጻፈች። እናቴ አልሞተችም፤ ስሟ ንጋቷ ነው፤ የተላከላችሁን ድርሰት የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፤ በቪዲዮ ስታነጋግሩኝ ግን ዋሽቻለሁ፤ የጻፍኩት ይህ ነው ብላ ስለ ጉም የጻፈችውን አያያዘች። የጨዋ ሥራ ልትሠራ ብላ አልነበረም። ንዴት ነው ያስላካት። ስትልከው ጥርሷን ነክሳ ነበር።

መልሱ በጨዋ ቋንቋ መጣ። ስለ ሐቀኝነትሽ እናመሰግናለን፤ ይሁንና እውነት ነው ብለሽ ያቀረብሽው ማመልከቻ ሐሰት በመሆኑ መዝገብሽን ዘግተናል፤ ወደፊት እንደ አዲስ ማመልከት ትችያለሽ። ስለ ጉሙ ምንም አላሉም። ፀደንያ ለእናቷ ደወለች።

«አሁን ደስ አለሽ?» አለች ንጋቷ፤ ስልኩንም ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ከዚያ ወዲያ አልተደዋወሉም። አንድ ቀን ግን ፀደንያ በር ተንኳኩቶ ስትከፍት እናቷን አየቻት። ንጋቷ ሰላም አላለቻትም። «ቢሮውን አሳዪኝ» አለች።

ቢሮው በወላጆች ተሞልቶ ነበር። ንጋቷ መሃል ገብታ ቆመች። ጌታሰው ፀደንያን ከኋላዋ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ ቶሎ ግን ፈገግ አለ። «እናቴ፣ ማንን ፈልገው ነው?»

«አንተን። ንጋቷ እባላለሁ።» ወደ ወላጆቹ ዞረች። «ይህ ሰው በወሊድ ሞታለች ብሎ የጻፈብኝ ሴትዮ እኔ ነኝ።»

ጋቢ የለበሰ አንድ ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ የሳቀ ሌላ ሰው ሲያጣ አቆመ።

«እናቴ፣ እዚህ ሰው አለ፤ ውስጥ ገብተን እንነጋገር» አለ ጌታሰው።

«ስትገድለኝ ውስጥ አስገብተህ አነጋግረኸኛል?» ድምፅዋ የገበያ ድምፅ ነበር፤ ደረጃው ላይ ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ አንገታቸውን አሰገጉ። «ከአንኮበር አሊዩ አምባ ዳገት ቁልቁለት እያልኩ ያስተማርኳትን ልጅ፣ እናት የላትም ብለህ ለፈረንጅ ሸጥካት! እናንተስ፣ ስለ እናንተ ምን ብሎ እንደጻፈ ጠይቃችሁታል? አንተ ባለ ጋቢው፣ ምናልባት ሞተሃል። አንቺ ደግሞ ምናልባት አብደሻል። ጠይቁት እንጂ!»

አንዲት ሴት ተነሥታ «የኔን ልጅ አንብብልኝ» አለች። ጌታሰው ወረቀት እንደሚፈልግ ሆኖ ጠረጴዛውን ማገላበጥ ጀመረ። ሴትየዋ ጠብቃ፣ ጠብቃ፣ ልጇን በእጇ ጎትታ ወጣች። ሌሎቹ ግን አልተነሡም። መሬት መሬት ያያሉ። ባለ ጋቢው ቀስ ብሎ «እናቴ፣ ቁጣዎ ገብቶኛል። ግን ልጆቻችን ይሂዱልን። እኛን የፈለገውን ይበለን» አለ።

ያንኑ ቃል ንጋቷ ራሷ ግቢዋ ውስጥ ቆማ ተናግራው ነበር። ሰውዬውን ብዙ አየችው። ከዚያ ለጌታሰው አንድም ቃል ሳትጨምር ወጣች።

ደረጃው ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ፀደንያ እናቷን ስታለቅስ ያየቻት ያኔ ነው፤ የሐዘን ሳይሆን የንዴት ለቅሶ፣ ጥርስ እየተፋጨ የሚወጣ።

«የበላኝ የሱ ነገር አይደለም» አለች ንጋቷ። «እኔም ‹ሞቻለሁ፣ ሂጂ› ማለቴ ነው። ሁለተኛ እንዲህ ስል ብትሰሚኝ አፌን ያዢኝ።»

«እሺ፣ እማ።»

«እሺ አትበይኝ። ያዢኝ።»

ፀደንያ በጌታሰው ላይ ለሚመለከተው የመንግሥት ክፍል ሄዳ አመለከተች። ሰውዬው የንግድ ፈቃድ እንዳለው ነገሯትና መለሷት። ጌታሰው ጫጫ ላይም ሌላ ቢሮ ከፈተ። ፀደንያ አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፊዚክስ ያዘች፤ በትርፍ ጊዜዋ ደግሞ እንደ አዲስ ማመልከቻ መሙላት ጀመረች፤ በዚህ ጊዜ በገዛ እጇ፣ በማንም ቢሮ ሳታልፍ።

ሔራን ሙሉ ስኮላርሺፕ አገኘች። የሽኝቱ ቀን ጋሽ ባየው በግ አርዶ ጫጫን ጠራ። ፀደንያ ላለመሄድ አስባ ነበር፤ እሱ ራሱ ደውሎ «ያለ አንቺ አይሆንም» ሲላት ሄደች። ድንኳኑ ውስጥ አዲስ ኮት ለብሶ፣ እያንዳንዱን እንግዳ እየተቀበለ፣ «ልጄ አሜሪካ ልትሄድ ነው» ይላል፤ እንዳልሰሙ ሁሉ ደግሞ ይነግራቸዋል። ሲጨፍር ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ሔራን የአበሻ ቀሚስ ለብሳ ከአክስቶቿ መሃል ተቀምጣለች። ፀደንያን ስታያት ዓይኗን ሰበረች።

ጋሽ ባየው ሳህን ሞልቶ አምጥቶ ከፀደንያ አጠገብ ተቀመጠ።

«አንቺስ ልጄ? ከሷ ትበልጪ አልነበር እንዴ? ምን ነክቶሽ ቀረሽ?»

«ጽሑፌን አልወደዱትም፣ ጋሽ ባየው።»

«አይ፣ እነሱም አንዳንዴ ይሳሳታሉ።» ትከሻዋን መታ መታ አደረገ። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ፣ እንደሚያፍር ልጅ እየሳቀ፣ «ሔራን የጻፈችው ስለ እኔ ነው አሉ፤ ቲቸሯ ነው የነገረኝ» አለ። «‹በአባቷ ታሪክ ነው ያለፈችው› አለኝ። አንብቢልኝ ብላት እምቢ አለችኝ፤ አፍራ ነው። አንቺ አንብበሽዋል? ምን ብላለች?»

ፀደንያ ቀና አለች። ከማዶ ሔራን ታያታለች፤ ፊቷ ደም አልነበረውም። እውነቱ ፀደንያ ጉሮሮ ላይ ደርሶ ነበር። ብትናገረው የሚወድቀው ግን ጌታሰው አይደለም፤ ይህ አዲስ ኮት የለበሰ ሰው ነው፣ በእንግዶቹ ሁሉ ፊት።

«አላነበብኩትም» አለች።

«ስትመለስልኝ አስነብባታለሁ» አለ ጋሽ ባየው፤ ተነሥቶም ወደ ጭፈራው ተመለሰ።

ፀደንያ ሳህኑን ሳትነካው አስቀመጠችና ከድንኳኑ ወጣች። አስፋልቱ ዳር ደርሳ መኪና ስትጠብቅ ሔራን ቀሚሷን ሰብስባ እየሮጠች መጣች።

«ነገርሽው?»

«አልነገርኩትም።»

ሔራን ትንፋሿን ለቀቀች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ፀዲ።»

«ላንቺ ብዬ አይደለም» አለች ፀደንያ። «አንድ ቀን ይጠይቅሻል። ያን ቀን ፊቱን አይተሽ ተርጉሚለት።»

የደብረ ብርሃን ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። ሔራን እጇን ልትይዛት ዘረጋች። ፀደንያ እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ ተሳፈረች።